ሁለተኛው ጉርሻ

ከሳልቫዶር የወጣሁ ለት ማታ ዶና ዜፋ ያጎረሱኝ አንዴ ብቻ ነው። ታክሲው ጥሩምባውን ይነፋል፣ እኔ አለቅሳለሁ፣ እሳቸው በዘይት በራሰ እጃቸው ትኩስ አካራጄ አጎረሱኝና ሊደግሙኝ ሲሉ ሾፌሩ ነዳው። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብዬ ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ። እናንተዬ፣ ያ የተዘረጋ እጅ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ለማታውቁኝ ልንገራችሁ። አዲስ አበባን ለቅቄ ብራዚል የገባሁት እንደ ብዙዎቹ ወደ ሰሜን፣ ወደ አሜሪካ ለመሻገር ነበር። ጓደኞቼ በጫካው መንገድ ሲቀጥሉ እኔ ፈሪዋ ሳልቫዶር ቀረሁ፤ ባሕር ጠረፍ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። ዶና ማለት እንደኛ እትዬ ነው። ዶና ዜፋ ባሕሩ አጠገብ ነጭ ለብሰው፣ ነጭ ሻሽ አስረው አካራጄ ይጠብሱ ነበር፤ የባቄላ ሊጥ በቀይ የዘንባባ ዘይት ማለት ነው። መጀመሪያ ሳያቸው ከጥምቀት የተመለሱ መስለውኝ ጉልበታቸውን ልስም ምንም አልቀረኝም! ባቄላ ነው ብዬም ጾሙን ሙሉ ስበላው ከርሜ፣ ውስጡ ሽሪምፕ የሚሉት የደረቀ የባሕር ፍጥረት እንዳለ ያወቅሁት ፋሲካ ሊደርስ ሲል ነው። እሳቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁብኝ።

ቤታቸው አስጠጉኝ፣ ባቄላ እየፈተግሁ አብሬያቸው ኖርኩ። ጉርሻ ሳሳያቸው «እኔ ሕፃን ነኝ?» አሉ፤ ውለው አድረው ግን ሳያጎርሱኝ አይበሉም ነበር። ሁልጊዜም ሁለት።

ከዚያ አውስትራሊያ የሚኖር የሰፈሬ ልጅ አገባኝና ስፓውስ በሚሉት የትዳር ቪዛ ሜልቦርን መጣሁ። ኤርፖርት ላይ አንድ የጉምሩክ ሰውዬ ሻንጣዬን ከፈተ።

«ምግብ ይዘሻል?»

«ትንሽ።»

የዶና ዜፋን ማባያ አነሳ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«እናቴ የሠራችልኝ ነው።»

«ከኢትዮጵያ?»

«አይ፣ ከብራዚል።»

ፓስፖርቴን አየ፣ እኔን አየ። «ስንት እናት ነው ያለሽ?»

«ሁለት። አንዷን ቆሻሻ ውስጥ እየጣልካት ነው።»

ጣላት እንጂ ምን ያደርጋል!

ሜልቦርንም ባሕር አላት፣ ግን ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ዳርቻው ላይ የተጠበሰ ዓሣና ድንች አለ፤ የባንክ ካርድህን ማሽኑ ላይ ታፕ አድርገህ ቁጥርህ እስኪጠራ ትቆማለህ። «በቃኝ» ካልክ በቃህ ነው፣ «በሞቴ» የሚልህ የለም። መጀመሪያ ሰሞን የፈረንጅ ቤት ተጋብዤ ስግደረደር ሳህኑን አንስተውብኝ ስንቴ ጦሜን አድሬያለሁ!

በቅርቡ ታዲያ ናሆም የሚባል፣ ፖይንት ኩክ ሰፈር የሚኖር የኮምፒውተር ባለሙያ ልጅ ቤተ ክርስቲያን አገኘኝ። መሥሪያ ቤቱ ወደ ሳልቫዶር ሊልከው ነው።

«እትዬ ሮማን፣ እርስዎ ከተማውን ያውቁታል አሉ። የት ነው የሚበላው? የት ነው የሚጠጣው?»

«መጀመሪያ እርስዎ የሚለውን ተውልኝ፣ ገና አላረጀሁም» አልኩና ጀመርኩለት። ጠዋት ባሕሩ ዳር አረንጓዴ ኮኮናት አስበሳና ውሃውን ጠጣ። ምሳህን ሞኬካ ብላ፤ ዓሣው በኮኮናት ወተት፣ በሸክላ ድስት እየተንተከተከ ይመጣል፤ ሽሮ ትዝ ባይልህ ምን አለች በለኝ። ቢራውን በትንሹ ብርጭቆ ጠጣ፣ በትልቁ ይሞቅብሃል። አመሻሽ ላይ ግን ኢታፑዋ ሰፈር፣ የመርከቦች መብራት ማማው ጋ ሂድና ዶና ዜፋን ጠይቅልኝ። ሮማን ናት የላከችኝ በላቸው።

እውነቱን ለመናገር ሌላው ሁሉ ሰበብ ነው። ስልካቸው ከጠፋብኝ ቆይቷል፣ በሕይወት መኖራቸውንም አላውቅም። ያ አንድ ጉርሻ አጣልቶን ይሆን እያልኩ ስብሰለሰል ነው የኖርኩት።

እዚያ ሲመሽ እዚህ ይነጋል። ወደ ሥራ ልሄድ ኬንሲንግተን ባቡር ጣቢያ ቆሜ ሳለ ናሆም በቪዲዮ ደወለ። ከኋላው ባሕሩ፣ ማማው፣ የሚጤሰው ድስት። አጠገቡ ነጭ የለበሰች ወጣት ቆማለች።

«የልጅ ልጃቸው ናት» አለኝ ቀስ ብሎ። «ዶና ዜፋ ስላት ሰማዩን አሳየችኝ። እትዬ... ነፍስ ይማር።»

የጣቢያው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የወለደችኝን እናቴን አልቀበርኳትም፣ ሞቷን የሰማሁት በስልክ ነው፤ ሁለተኛዋንም እንዲሁ በስልክ!

«ኧረ! ኧረ ምን እያደረገች ነው?» ሲል ቀና አልኩ። ልጅቷ አካራጄ ቆርሳ አፉ ውስጥ ከተተችለት። «አጎረሰችኝ እኮ! ማን አስተማራት?»

በተሰባበረው ፖርቱጊዝኛዬ ራሴ ጠየቅኋት።

«አያቴ ለአዲስ እንግዳ ሁሉ እንዲህ ታደርግ ነበር» አለችኝ። «ከየት እንዳመጣችው አላውቅም።»

ልነግራት ስል ባቡሩ መጣ፣ ሰው ተሳፈረ፣ ሄደ። እኔ እያለቀስኩ ነው። ናሆም አፉን ጠራርጎ ሊከፍል ሲል እጁን ያዘችው።

«ገና ነው» አለችው። «አንድ ብቻ ያጣላል።»

ሌላ ቆረሰችና እጇን ዘረጋች። ናሆም ሊጎርስ አፉን ሲከፍት፣ እኔም ስልኩ ፊት አፌን ከፍቼ ነበር።