የፎርቱናታ ባዶ እግር

ፎርቱናታ ፊሊፒንስ አገር፣ ኢሎኢሎ ከተማ ባለ አንድ ኮሌጅ ካፌ ውስጥ ሩዝ ስትቀቅል ጸጉሯ የሸበተ ሴት ናት። ሥራ ስትጨርስ ግን ነጠላ ጫማዋን እንደተጫማች ግቢው ሲሚንቶ ላይ መረብ ኳስ ትጫወታለች። እዚያ አገር በነጠላ ጫማ የማይጫወት የለም።

ዘንድሮ አዲሱ ጂምናዚየም ተከፈተ። ወለሉ የሚያብረቀርቅ እንጨት ነው፤ በሩ ላይ «በነጠላ ጫማ መግባት ክልክል ነው» ተብሎ ተለጥፏል። የመምህራንና የሠራተኞች ዓመታዊ ግጥሚያም እዚያ ሆነ። ፎርቱናታ የልጇን ስኒከር ተውሳ ገባች። ስኒከሩ ሰፍቷት ኖሮ ኳስ ለማዳን ስትዘል አንዱ ወልቆ መምህራኑ መሀል አረፈ።

«እትዬ፣ የሚላከው ኳሱ እኮ ነው!» አላት ዳኛው፣ መምህር ኤላዲዮ። ሰዉ አውካካ።

ፎርቱናታ ደሟ ፈላ። ሌላኛውንም አውልቃ ወረወረችው።

«ኧረ ያለ ጫማ አይቻልም!»

«የታለ የተጻፈው? የተከለከለው ነጠላ ጫማ ነው። አድርጌያለሁ እንዴ? በል ፊሽካህን ንፋ!»

ዳኛው ዞሮ ማስታወቂያውን አየና ፊሽካውን ነፋ። ጓደኞቿም ተከትለዋት ጫማቸውን አወለቁ። ከዚያ በኋላማ ማን ያቁማቸው! ባዶ እግራቸው እንጨቱን ቆንጥጦ ያዘ፤ የማይደርሱበት ኳስ ጠፋ። የመጨረሻዋን ኳስ ፎርቱናታ ራሷ መሬት ላይ አፈረጠቻት፤ ዋንጫውም የሠራተኞቹ ሆነ።

በሳምንቱ ዋንጫዋን አቅፋ በጂምናዚየሙ ስታልፍ በሩ ላይ የመምህራኑ ጫማ ተደርድሯል። ውስጥ ኤላዲዮ በባዶ እግሩ፣ ጣቶቹን እየሰበሰበ፣ ይለማመዳል።

«ረገጥ አድርገው ልጄ፣» አለችው፣ «እሾህ የለውም!»