ጋሽ እንዲህ በተመልካች ወንበር

ሰውዬው እናቱ ያወጣችለት ደህና ስም ነበረው፤ የሚጠራበት ግን ጠፋ። ጠዋት በዩኒቨርሲቲው የቴአትር ክፍል የሚያስተምራቸው ተማሪዎችም፣ ከሰዓት በኋላ በከተማው ቴአትር ቤት ተውኔት የሚያዘጋጅላቸው ተዋናዮችም «ጋሽ እንዲህ» ነበር የሚሉት። ስሙ የመጣው ከገዛ አፉ ነው። ተዋናዩ ገና ሁለት ቃል ሳይተነፍስ ጋሽ እንዲህ ከወንበሩ ብድግ ይላል። «አይደለም፣ አይደለም፤ እንዲህ ነው እንጂ!» ይልና ልጁን በትከሻው ገፋ አድርጎ፣ ቦታው ላይ ቆሞ፣ ራሱ ይጫወተዋል። ንጉሡም እሱ ነው፣ ሌባውም እሱ ነው፣ ሙሽራይቱም እሱ ነው። አንድ ጊዜ ምጥ የያዛት ሴት ሆኖ መድረኩ ላይ ሲንፈራገጥ ያየችው የጽዳት ሠራተኛ ሐኪም ልትጠራ ስትሮጥ ዘበኛው ነው ከደጅ የመለሳት።

ጋሽ እንዲህ ሲጫወት ማየት ነው። ሰውነቱ ቀጭን ስለሆነ ሱሪው አንድ ቦታ አይረጋም። ቀበቶ ደግሞ አያስርም፤ «ቀበቶ ትንፋሽ ያፍናል፣ ትንፋሽ የሌለው ተዋናይ ሬሳ ነው» ባይ ነው። ግራ እጁ ድርሰቱን፣ ቀኝ እጁ መነጽሩን ስለሚይዝ ሱሪው በተንሸራተተ ቁጥር በሁለት ክርኖቹ ጨምቆ ወደ ላይ ይስበዋል። ከባድ ቃል ሲመጣ ቀድሞ «እህም» ይላል። ዓረፍተ ነገሩ ሊያልቅ ሲል ደግሞ፣ ቁመቱ አጭር ነውና፣ በእግሩ ጣቶች ቆሞ የመጨረሻዋን ቃል ከላይ ወደ ታች ይለቃታል።

ተዋናይ ምን ያድርግ? ደመወዙ ትንሽ፣ ልምምዱ ረጅም፣ ቤቱ ሩቅ ነው። ቶሎ ወደ ቤት የሚያስገባው አቋራጭ ጋሼ ያሳየውን እንዳለ መድገም እንደሆነ ሁሉም ካወቀው ቆይቷል። እስከ እህምታው፣ እስከ ክርኑ ሲደግሙለት ሰውዬው ፊቱ ይበራል፤ «አሁን ገና ሰው ሆንክ» ይልና ያሰናብታቸዋል። ከእነሱ ላይ የሚያየው ራሱን እንደሆነ አንድም ቀን አልጠረጠረም። በትርኢት ቀን ደግሞ መጋረጃ ጀርባ ቆሞ ከተዋናዮቹ ጋር ሁሉንም ቃል ሲያነበንብ ነው የሚያመሸው እንጂ ተመልካች ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም። አዳራሹ የሚሞላው በተማሪዎች ነው፤ ተማሪው የሚገባው ለማርክ ነው፤ ለማርክ የገባ ሰው ደግሞ አይስቅም።

ባለቤቱ በደጉ ዘመን የዚያው ቴአትር ቤት አንደኛ ተዋናይት ነበረች። የከተማው ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ የሚመርቃት ሴት ነበረች። ታዲያ አንድ ቀን በልምምድ መሀል ድርሰቱን ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች፤ በዚያው ቀረች። አሁን መድኃኒት ቤት ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ናት። «መድረኩን ለምን ተወችው?» ብሎ ለጠየቀ ሁሉ ጋሽ እንዲህ መልሱ ዝግጁ ነው፤ «ቅናት ነው። ያኔ አዲስ ልጅ መጥታ ነበር፣ ቅናቱ አላስቀምጥ አላት።» እሷን የጠየቀ ግን መልስ አያገኝም፤ የመድኃኒቱን ሂሳብ ብቻ ትነግረዋለች።

የሰውዬው ሕልም አንድ ነበር። በየዓመቱ ከየከተማው ከሚቀርቡት ተውኔቶች አንዱን ከዋናው ከተማ የሚመጣ ገምጋሚ ይመርጠውና እዚያው ትልቅ መድረክ ላይ ይታያል። ጋሽ እንዲህ በየዓመቱ ያቀርባል፣ በየዓመቱ ይወድቃል። ዘንድሮ ጡረታው ደረሰ። ዘንድሮ ካልሆነ ሌላ ዘንድሮ የለም። ስለዚህ ልቡን ቆርጦ አስለቃሽ ተውኔት ጻፈ። አንድ ዳኛ አንድያ ልጁ በግድያ ተከሶ ፊቱ ይቀርባል፤ እናት ትለምናለች፣ እጮኛ ታለቅሳለች፣ ዳኛው ግን ይፈርዳል። «ድንጋይ እንኳ ያለቅሳል» አለ ለባለቤቱ። «ነይ እባክሽ፣ የመጨረሻዬ ነው።» ብዙ ከለመናት በኋላ እሺ አለችው።

የትርኢቱ ዕለት የዩኒቨርሲቲው ዲን አስጠራው። ዲኑ ቴአትር የሚወደው ንግግር የሚያደርግበት መድረክ ስላለው ነው።

«ዛሬ መጋረጃ ጀርባ አይቆሙም» አለው። «ከገምጋሚው ጎን ይቀመጣሉ።»

«እኔ ከሌለሁማ ይፈርሳል።»

«አምና ሹክሹክታዎ ሦስተኛው ረድፍ ድረስ ይሰማ ነበር። ገምጋሚው ‹የመንፈሱን ድምፅ የሚጫወተው ማነው?› ብሎ ጠይቆኛል። መንፈስ የለበትም ብዬ ስነግረው ነው የጣሉን።»

ጋሽ እንዲህ ቆሽቱ እያረረ ፊት ለፊት ተቀመጠ። በቀኙ ገምጋሚው፣ በግራው ባለቤቱ፣ ከኋላው ደግሞ ያልለመደው ዓይነት ሰው። ዲኑ ለእንግዳው አዳራሹ ሞልቶ እንዲታይ ብሎ በሩን ለከተማው ሕዝብ በነፃ አስከፍቶት ነበር።

መጋረጃው ተከፈተ። ቁመቱ የቤት ምሰሶ የሚያክለው ዳኛ ገባ። «እህም» አለ። ባዶ እጆቹን አንዱን እንደ ወረቀት፣ አንዱን እንደ መነጽር ከፍ አድርጎ ካባውን በሁለት ክርኖቹ ወደ ላይ ሳበ። ከዚያም ያ ሁሉ ቁመት አልበቃ ብሎት በጣቶቹ ቆመና «ፍርድ... ፍርድ ነው!» አለ። ከኋላ አንድ ሰው ኪኪ አለ። ጋሽ እንዲህ ዞር ብሎ ገላመጠ፤ ሰካራም መሰለው።

እናት ገባች። ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች፤ ሱሪ የሚባል ነገር የላትም። «እህም፣ ልጄ» አለችና የሌለውን ሱሪ በክርኖቿ ጨምቃ ሳበች። እጮኛይቱ ተከተለች፤ እሷም ሳበች። እስረኛው ሁለት እጁን ታስሮ ገብቶ እንኳ ከነካቴናው ክርኑን አላሳረፈም። የከተማው ሰው ማርክ አይሰጠው ነገር፣ ምን አስጨንቆት ይቻለው? ሳቁ ከረድፍ ወደ ረድፍ እየተሻገረ መጣ። በተውኔቱ ሙሉ «ይግቡ ተብለዋል» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ያለው የችሎት ዘበኛ ብቅ ሲል አዳራሹ ትንፋሹን ያዘ። ዘበኛው ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሱሪውን ሳበ፣ በጣቶቹ ቆመ፣ «ይግቡ ተብለዋል!» አለ። አዳራሹ ፍርስ አለ።

ጋሽ እንዲህ ይቅርታ ሊጠይቅ ወደ ገምጋሚው ዞረ። ገምጋሚው ሆዱን ይዞ እንባውን ይጠርጋል። ወደ ባለቤቱ ዞረ። አፏን በመሀረብ አፍናለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሰውዬው ምን እንደሚያስቃቸው አልገባውም፤ ንዴቱ ግን አናቱ ላይ ወጣ። ዳኛው ፍርዱን ሊያነብ ሲነሳ እሱም ሕዝቡን ሊገሥጽ ከወንበሩ ተነሳ።

«እህም» አለ ዳኛው ከላይ።

«እህም» አለ ጋሽ እንዲህ ከታች።

ሁለቱም እኩል በክርናቸው ሳቡ። ሁለቱም እኩል በጣቶቻቸው ቆሙ። ከኋላ የተቀመጠው ሕዝብ ትልቁንና ትንሹን በአንድ መስመር አያቸው፤ ከዚያ በኋላ ፍርዱ ምን እንደነበር የሰማ ሰው የለም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሱስ ክርኑም ተረከዙም ባዳ ሆነው ነው የኖሩት። በጣቶቹ እንደቆመ ዳኛውን አየ፣ እናትየዋን አየ፣ ዘበኛውን አየ። የዕድሜ ልክ ሥራውን አየ። ቀስ ብሎ ተረከዙን አወረደና ተቀመጠ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

መጋረጃው እንደተዘጋ ገምጋሚው አቀፈው። «ወንድሜ፣ ከየከተማው የሚላክልን ለቅሶ ብቻ ነው፤ ኮሜዲ አጥተን ዓይናችን ፈጦ ነበር። እርስዎ ሐዘን አስመስለው ሳቅ ይዘው መጡ! መጨረሻ ላይ ራስዎ ተነስተው የገቡበትማ፣ ማን ይደፍረዋል? በቃ፣ በትልቁ መድረክ የዘንድሮ ኮሜዲ የእርስዎ ነው።»

«እኔ ድሮም ኮሜዲ መሆኑን ነግሬዋለሁ» አለ ዲኑ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ጋሽ እንዲህ «ኮሜዲ አይደለም» ማለት ይችል ነበር። አንዲት ቃል ናት። ግን ትልቁ መድረክ ፊቱ ላይ ተዘርግቶለታል፣ ጡረታው ደግሞ ከኋላው ቆሟል። «አዎ» አለ መሬት መሬት እያየ፤ «ታስቦበት ነው።» እህም እንኳ አላለባትም።

ማታ ከባለቤቱ ጋር ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«ታውቂ ነበር?» አላት።

«ምኑን?»

«ሁሉም እኔን እንደሆኑ።»

«እኔም ሆኜ ነበር እኮ። ሃያ ዓመት እናትም ስሆን አንተ፣ ንግሥትም ስሆን አንተ። ቤት ስገባ ደግሞ ዋናው ተቀምጦ ይጠብቀኛል።»

«ታዲያ ምናለ ብትነግሪኝ?»

«ነግሬሃለሁ። የወጣሁ ቀን መድረክ ላይ ቆሜ ‹አንተን መሆን ደከመኝ› አልኩህ።» ብርጭቆዋን ወደ ጎን ገፋ አደረገች። «አንተ ምን አልክ? ‹አይደለም፣ አይደለም፤ እንዲህ ነው እንጂ› ብለህ ተነሣህና እንዴት እንደሚባል አሳየኸኝ።»

ሰውዬው ክው አለ። አስታወሰው። የሚያሳፍረው ደግሞ ያኔ «ከእሷ የተሻለ አልኩት» ብሎ መርካቱ ነው። ሳህኖቹን አንስቶ አጠበ።

በማግስቱ ለትልቁ መድረክ ልምምድ ተጀመረ። ጋሽ እንዲህ ከሀፍረቱ ብዛት ቀበቶ ታጥቆ፣ መነጽሩን ረስቶ መጣ። ተዋናዮቹም ነገሩ ስለገባቸው ግራ ተጋብተዋል። ትናንት ሳያውቁት ያሳቁበትን ዛሬ አውቀው ሲያደርጉት እንጨት እንጨት አለ። ዳኛው ክርኑን ሲያነሣ ክንፉ የተሰበረ ዶሮ መሰለ።

«አይደለም፣ አይደለም» አለ ጋሽ እንዲህ ከልማዱ ብድግ ብሎ፤ «እንዲህ ነው...»

እህም አለ፤ ጉንፋን የያዘው ሰው ሳል ሆነ። ክርኑን ጨመቀ፤ ቀበቶ የያዘው ሱሪ ወዴት ይሄዳል? ቀበቶውን ፈታ፤ ሱሪው ጭራሽ ሊወርድ ሲል በእጁ ያዘው። በጣቶቹ ሲቆም ተንገዳገደና የዳኛውን ወንበር ይዞ ተረፈ።

ዳኛው ክርኑን አወረደ። «ጋሼ፣ አትቀየመኝና፣ ይሄማ አንተን አይመስልም።»

ያን ጊዜ ከአዳራሹ በር በኩል የጫማ ድምፅ ተሰማ። ባለቤቱ የረሳውን መነጽር ይዛ መጥታ ኖሯል። መተላለፊያውን አልፋ ደረጃውን ወጣች፤ መድረኩን ጥላው ከሄደች ወዲህ ስትረግጠው የመጀመሪያዋ ነው። ድርሰቱን ከእጁ ተቀበለችና በግራዋ፣ መነጽሩን በቀኟ ያዘች። «እህም» አለች። ክርኖቿን ጨመቀች፣ በጣቶቿ ቆመች፣ «ፍርድ... ፍርድ ነው!» አለች። ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። ጋሽ እንዲህ ራሱ ሳቀ፤ በራሱ ሲስቅ የመጀመሪያው ነበር፣ ትንሽም አመመው። ሱሪውን በእጁ እንደያዘ ደረጃውን ወርዶ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

እሷ ድርሰቱንና መነጽሩን ወለሉ ላይ አኖረች። ተረከዟን መሬት ላይ አሳርፋ፣ እጆቿን አንጠልጥላ፣ የእናትየዋን ልመና ጀመረች። ቤት ውስጥ ማታ ማታ ሲለፈልፈው ነው የኖረው፤ በቃሏ ታውቀዋለች። ግን እንዲህ ሆኖ ሰምቶት አያውቅም። «ልጄን ስጠኝ» ነው ያለችው፤ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ከጎረቤት ዕቃ እንደሚለምን ሰው። የሳቀ የለም። እጮኛይቱን የምትጫወተው ልጅ ፊቷን ወደ መጋረጃው አዞረች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

ጋሽ እንዲህ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሃያ ዓመት ምን ሲገፋ እንደነበር አየ። የገፋው እሷን ነበር፣ በትከሻው፣ ገፋ እያደረገ።

ዳኛው ወደ እሱ ዞረ። «ጋሼ፣ እናትየዋ እንዲህ ናት እንዴ?»

ሁሉም ጠበቁት። ሰውዬው ከልማዱ ከወንበሩ ትንሽ ተነሣ፣ አፉንም ከፈተ። ከዚያ መልሶ ተቀመጠ።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለ። «እሷን ጠይቋት።»