ቧንቧዬን የበላችው አይጥ

ዛሬ ጠዋት ስነሳ ግቢዬ ሐይቅ ሆኗል። ሮቶው ባዶ ነው።

አቃቂ እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ፣ በሳምንት አንድ ቀን ነው። ትናንት መጥቶ ሞልቼ ነበር። እንግዲህ ለሳምንት መታጠብም ወጥ መሥራትም ቀረ።

ከሮቶው ወደ ኩሽና የሚሄደው የፕላስቲክ ቧንቧ ተቦድሷል። የገጠምኩት ራሴ ነኝ። የእኔ ሥራ እንደማይበላሽ ስለማውቅ፣ የተበላሸውን ቆርጬ ቧንቧውን ወደሸጠልኝ ባለሱቅ ወደ ከድር ሄድኩ።

"ይሄን ብስባሽ ነው የሸጥክልኝ?"

ከድር አገላብጦ አየው። "አባባ፣ ይሄ እኮ የጥርስ ምልክት ነው። አይጥ ናት የበላችብዎት።"

"አይጥ ፕላስቲክ አትበላም!"

"እሱን ለእሷ ይንገሯት፣ አባባ።"

ሱቁ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ጀሪካን ይዛ ጠበቀችኝ። "ጎረቤት ሄደህ ውሃ ለምነህ አምጣ። ትራሴ ላይ ተኛች ብለህ ያባረርካት ድመትም እዚያው ናት፤ እግረ መንገድህን ይቅርታ ጠይቃት።"

ውሃውን አመጣሁ። ድመቷን አላናገርኳትም።

እናንተስ ቧንቧ ተበልቶባችሁ ያውቃል? ምን እንዳደረጋችሁ ጻፉልኝ። ድመቷን መልሳት የሚለኝ ግን ባይደክም ይሻለዋል።