የሰኞ ስምምነት

ወንድሜ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ደረቅም ነው። «ደረቅ ነህ» ካሉት ደግሞ ሳምንት ያኮርፋል። ከሱቁ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ሌላ ፀጉር አስተካካይ አለ። ወንድሜ አንድም ቀን በስሙ ጠርቶት አያውቅም፤ «የማዶው» ነው የሚለው።

እነዚህ ዓይንህን ላፈር የሚባባሉ ሰዎች በአንድ ነገር ብቻ ተስማምተው ኖረዋል። ሰኞ ሁለቱም ይዘጋሉ። ሁለቱም ከዘጉ ማንም አይጎዳም፤ ጢም የት ይሄዳል? ማክሰኞ ይበልጥ አድጎ ይመጣል። አንዱ ብቻ ከከፈተ ግን የሌላውን ደንበኛ ጠቅልሎ ይወስዳል።

ለወንድሜ ሰኞ የአባታችን ቀን ነው። አባባ አልጋ ላይ ከዋሉ ወዲህ ገላቸውን የሚያጥባቸውም ጢማቸውን የሚላጫቸውም እሱ ነው። እኔ ምላጭ ይዤ ስጠጋ አገጫቸውን ይደብቃሉ።

አንድ ሰኞ የማዶው ከፍቶ ደንበኛ ሲላጭ ታየ። ሙሽራ ለምኖት ነው አሉ። ወንድሜ ምን በወጣው ይጠይቃል! በሳምንቱ እሱም ከፈተ። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ሰኞ ሰኞ ይከፍቱ ጀመር። በስድስት ቀን የሚመጣውን ያንኑ ደንበኛ ለሰባት ቀን አብቃቅተው፣ በመስኮት እየተገላመጡ ይውላሉ። እንዲህ ያለ ጅልነት አይቼ አላውቅም።

የአባባ ጢም አድጎ ምግብ ይይዝ ጀመር። ወንድሜ ደክሞት ሲገባ «ዛሬ ሰኞ አይደለም እንዴ?» ይሉታል። ማክሰኞም ይሉታል። እሱ ፊቱን ያዞራል። አንጀቴን በሉኝ፣ ሁለቱም።

«አንተ ቀድመህ ዝጋ» አልኩት።

«እኔ ልዝጋና እሱ ይሳቅብኝ? ሞኝሽን ፈልጊ!»

«ይሳቃ! አባባ እየጠበቁህ ነው።»

በማግስቱ ወንድሜ መንገዱን ተሻግሮ የማዶውን «ሰኞ እዘጋለሁ። አንተ ብትከፍትም እዘጋለሁ» አለው። ነጋዴ እንዲህ ይናገራል? ከእንግዲህ በምን ሊያስፈራራው ነው? የማዶው መቀሱን እያጸዳ «ደስ እንዳለህ» ብቻ አለ።

ሰኞ የማዶው ከፈተ፤ ወረፋው እስከ በር ደረሰ አሉ። ወንድሜ ጥርሱን ነክሶ አባባን አጠበ። በሚቀጥለውም ሰኞ እንደዚያው ሆነ። መካሪዋ እኔ ነኝና ወንድሜን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ከዚያ በሚቀጥለው ሰኞ ግን በራችን ተንኳኳ። የማዶው ነው፣ የሥራ ቦርሳውን ይዞ።

«ሱቁስ?» አለው ወንድሜ።

«ዘጋሁት። ወንበርህን ባዶውን እያየሁ መሥራት አልሆነልኝም።» ወደ አልጋው ዞር አለ። «አባባ እንዴት ዋሉ? አንተ አንገታቸውን ደግፍልኝ፤ ለአንድ ሰው ያስቸግራል።»

ወንድሜ ደገፈ፤ የማዶው ላጨ። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩና ጉንጫቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ።

«የዚህኛው እጅ ይሻላል» አሉ፣ ጮክ ብለው።

ወንድሜ ክው አለ። የገዛ አባቱ እንዲህ ማለታቸው ሰፈር ውስጥ ከተሰማ አለቀለት፤ ሱቁን የሚዘጋው ሰኞ ብቻ አይሆንም። ያ ደረቅ ወንድሜ የማዶውን በልመና ዓይን አየው።

የማዶው ከአባባ ጆሮ ሥር የቀረውን አረፋ ቀስ ብሎ ጠረገ።

«ምን አሉ?» አለ። «እኔ አልሰማሁም።»