የማን ላከህ ሰንጢዎች

አጎቴን ሰፈሩ «ማን ላከህ» ይለዋል። ወደ ሥራ ቤቱ ብቅ ያለን ሰው ሁሉ፣ ገና ሰላም ሳይለው፣ «ማን ላከህ?» ብሎ ስለሚቀበል ነው። የውኃ ቆጣሪ የሚያነበውን ሰውዬ እንኳ እንዲሁ ብሎታል፤ ሰውየውም «ውኃው» ብሎት አለፈ። የአጎቴ ሥራ ታጣፊ ሰንጢ መሥራት ነው። ስለቱን ያወጣል፣ እጀታውን ይጠርባል፣ ሁለቱን በአንዲት ሚስማር ያገናኝና የሚስማሯን ጫፍ በመዶሻ ቀጥቅጦ ራስ ያበጅላታል። በመጨረሻ ስለቱ ላይ የቤቱን ምልክት፣ የተከፈተች ዐይን፣ ያትምበታል። ማኅተሟ ከሱሪ ኪሱ አትወጣም። ሱሪው ሲታጠብ ወደ ካልሲው ትዛወራለች።

እኔ የእህቱ ልጅ ነኝ፤ እጀታዎቹን በሸካራ ወረቀት እያሸሁ አለሰልሳለሁ። እውነቱን ለመናገር እኔም ከሱ አልሻልም። በኛ ቤት ጥርጣሬ እንደ አፍንጫ በዘር ይወረሳል፤ «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር» እየተባልን ነው ያደግነው።

አንድ ቀን ባለሱቁ መጣ። የአጎቴን ሰንጢዎች የሚሸጥልን እሱ ብቻ ነው።

«አባባ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ» አለ። «ከሰንጢዎችዎ አንዷን ይምረጡልኝ። ሱቄ መስኮት ላይ ትቆማለች፣ ፎቶዋም በየሳጥኑ ላይ ይለጠፋል። ሰው እሷን ሲያይ እርስዎን እንዲያውቅ ነው።»

«ለምን አንዷን ብቻ?»

«ሦስት ፊት ያለውን ሰው ማን ያምናል፣ አባባ?»

እሱ እንደወጣ አጎቴ በሩን ቆለፈ። «ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት» አለኝ። «መርጬ ስሰጠው እሷኑ አስመስሎ ሊያሠራ ነው።»

እኔም ያው ነው የታየኝ። እንዲያውም ባለሱቁ ሲወጣ ከአክስቴ፣ ማለት ከአጎቴ ሚስት ጋር፣ ደጃፍ ላይ ሲንሾካሾክ አይቼዋለሁ። በዚያ ላይ አክስቴ፣ አጎቴ ከምሳ በኋላ ጋደም ባለ ቁጥር፣ ሥራ ቤቱን ከውስጥ ዘግታ ኳ ኳ ታደርጋለች። ስጠይቃት «እየጠረግሁ ነው» ትለኛለች። በየቀኑ ከውስጥ ተቆልፎ የሚጠረግ ምን ዓይነት ቆሻሻ ነው? ይህን ለአጎቴ ገና ስጀምርለት ተቆጣ።

«እሷን ተዪ!» አለኝ። «በዚህ ዓለም ሳልፈራ ጀርባዬን የምሰጣት እሷ ብቻ ናት።»

ወሬውን ተውኩት፤ ጥርጣሬዬን ግን አልተውኩም።

ያለን ሦስት ዓይነት ሰንጢ ነው። ትልቁ «ጌታው» ይባላል፤ እጀታው ቀንድ፣ ጫፍና ጫፉ ናስ፣ ኪስ ሲገባ ሱሪ የሚያስወልቅ። ሁለተኛዋ «ምላሴ» ናት፤ ስለቷ ረጅምና ቀጭን ነው፣ ስሙን ያወጣላት አማቱን አስቦ ነው ይባላል። ሦስተኛዋ «ሎሌ»፣ እጀታዋ ተራ እንጨት፣ አንዳች ጌጥ የሌላት፣ አናጢውም አትክልተኛውም በኪሱ ይዟት የሚዞር። የአጎቴ ልብ ያለው ጌታው ላይ ነው፤ ለራሱ ያስቀረውን አንዱን ቀኑን ሙሉ ከኪሱ እያወጣ እጀታውን ሲያሻሽ ይውላል። አክስቴ ግን «ሎሌን ስጠው» አለችው። «ሰው አንተን የሚያውቅህ በሷ ነው።» እኔ ደግሞ፣ ለምን ሎሌን? ባለሱቁ በጆሮዋ ሹክ ያላት ይህንኑ ይሆን? ብዬ ሌላ ጥርጣሬ ጨመርኩ።

በማግስቱ አጎቴ ያለቁትን ሰንጢዎች በሙሉ መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ ላይ ደረደረ፤ አጉሊ መነጽሩን ይዞም አንድ በአንድ ያያቸው ጀመር። አንዷን ሎሌ ከፈተ፣ ዘጋ፣ ደግሞ ከፈተ። ቀጥ ብላ ወጣች፣ ቀጥ ብላ ገባች፣ ወዲህ ወዲያ አትልም። ፊቱ በራ። ከዚያ የሚስማሯን ራስ በመነጽሩ አየና ፊቱ ጠቆረ።

«ነይማ እዪ» አለኝ።

አጎቴ ግራኝ ነው። ሚስማር ሲቀጠቅጥ የመዶሻው ምት ራሷን ወደ ቀኝ ያጋድላታል። የዚህችኛዋ ራስ ግን ያጋደለችው ወደ ግራ ነው። ሌላዋን አነሳ፤ ወደ ግራ። ምላሴን አነሳ፤ እሷም ወደ ግራ።

«ይሄ የኔ እጅ አይደለም» አለ። ድምፁ ቀጠነ። «ያ ባለሱቅ የዐይን ማኅተሜን አስቀርጾ፣ የኔን እየወሰደ በሌላ እየተካብኝ ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ!»

ሌባ የተሻለ ዕቃ ትቶ ይሄዳል እንዴ ብሎ የጠየቀ የለም፤ እኔም ጭምር። የጠረጠረ ሰው ሚዛን አይዝም። አጎቴ ሎሌዋን ኪሱ ከትቶ ኮቱን አነሳ። በደንበኞቹ ፊት ባለሱቁን ሌባ ሊለው ነው፤ ማኅተሟንም እዚያው ሰብሮ፣ ከእንግዲህ ዐይን የታተመበት ሰንጢ የለም ሊል። ያን ካደረገ ዕድሜውን የፈጀበት ስም በአንድ ጠዋት አፈር በላ ማለት ነው።

አክስቴ በሩ ላይ ቆመችበት።

«አትሂድ» አለችው። «ሰውየው ንጹሕ ነው።»

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

«እጁ የኔ ነዋ።»

ሆድ ይፍጀው ብላ ያኖረችውን ሁሉ ያን ጊዜ አወጣችው። አጎቴ ክንዱን ከታመመ ወዲህ የመዶሻው ምት ላልቷል። ስለቶቹ መወላገድ ጀመሩ፤ ደንበኛ እየመለሳቸው ባለሱቁ ለአጎቴ መንገር ቢያፍር ለሷ አሳያት። እሷም አጎቴ ጋደም ሲል ሚስማሮቹን እያወለቀች፣ በሌላ እየተካች፣ በቀኝ እጇ ትቀጠቅጣቸው ነበር። መጥረግ ያለችኝ ይኸው ነው።

አጎቴ ኮቱን እንደያዘ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ሁሉንም?» አላት።

«የኪስህን ጌታው ብቻ አልነካሁትም። ሁሌ እጅህ ላይ ነው፣ ታውቅብኝ ነበር።»

ጌታውን አውጥቶ ከፈተው። ያ የሚኮራበት ስለት ሊወልቅ እንደደረሰ የልጅ ጥርስ ተነቃነቀ። አንጀቴን በላው፤ ያላየሁ መስዬ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

«ሰውን ሁሉ ስጠረጥር ኖሬ» አለ፣ «አንቺን አንድ ቀን እንኳ አልጠረጠርኩም።»

«ባትጠረጥረኝ አይደል የቻልኩት» አለችው።

ሎሌን ራሱ ወስዶ ለባለሱቁ ሰጠው። «‹የአባባ እጅ ሥራ› ብዬ ልጻፍባት?» ሲለው «የቤታችን ሥራ በል» ብሎት ወጣ። ባለሱቁ ምክንያቱን ያውቃልና አልጠየቀም። ሎሌም መስኮቱ ላይ ቆመች።

አክስቴ አሁን በሩን ሳትዘጋ ትሠራለች። እሱ ስለቱን ያወጣል፣ እሷ ሚስማሩን ትመታለች፤ እሱም ፊት ለፊቷ ተቀምጦ እያንዳንዷን ምት በመነጽሩ ይከታተላል። ገበያ ወጥታ ስትዘገይም የት እንደቆየች ይጠይቃታል፤ ድሮ ጠይቋት አያውቅም። ይህ ነገር ያናድደኛል። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ፣ «ጋሼ፣ ዛሬም ታምናታለህ?» አልኩት።

«ሥራዋን አምናለሁ» አለኝ።

አክስቴ ሰምታለች። መዶሻዋን ግን አላቆመችም።