ባለቤት ያጣ ዘር

ሥራውን የጀመርኩት በመጥረጊያ ነው። ከሞጣ ወደ ቢቸና በተዳርኩ በሳምንቱ ባለቤቴ አያሌው የእህል መጋዘኑን ከፈተና መጥረጊያ ሰጠኝ። «መጀመሪያ ወለሉን እወቂው» አለኝ። ወለሉ ላይ የእንጨት ርብራብ ተደርድሯል። ጆንያ የሚቀመጠው በርብራቡ ላይ ነው፤ ከግድግዳም ክንድ ያህል ይርቃል። ጤፍን ነቀዝ አይደፍረውም፤ እርጥበት ግን ያሻግተዋል፣ አይጥም ጆንያውን ቀዶ ያፈሰዋል። የመጀመሪያ ቀን የተማርኩት ይህን ነው።

ቀጥሎ የተማርኩት ስለ ቋጠሮ ነው። በመጋዘናችን ሁለት ዓይነት ጤፍ ነበር። አንዱን ገዝተን ወደ ሞጣ እንልካለን። ሌላው የገበሬው ሆኖ እኛ ዘንድ የሚከርም ነው፤ ለማስቀመጫው ይከፍለናል። ገበሬው የጆንያውን አፍ ከቤቱ ባመጣው ማሰሪያ ያስራል፤ አንዱ በጠፍር፣ አንዱ በጋቢ ቅዳጅ፣ አንዱ በቃጫ። ሁሉም የራሱን ያውቃል። «የሰው ቋጠሮ አትንኪ» ይለኝ ነበር አያሌው። «አንድ ቀን ከነካሽ መጋዘን የለሽም።»

የቄስ ልጅ ነኝና አንድ ቀን ጠየቅኩት። «በጥር በርካሽ ገዝተን በክረምት በውድ መሸጣችን ኃጢአት አይሆንብንም?»

ሳቀብኝ። «በጥር ሁሉም ቢሸጥ፣ ሁሉም ቢበላ፣ በነሐሴ ማን ምን ይበላል? ልዩነቱ የርብራቡ፣ የቆርቆሮው፣ የአይጡና የፍርሃቱ ዋጋ ነው።»

«የምን ፍርሃት?»

«ዋጋው ቢወርድብኝስ የሚል ነዋ!»

ያን ጊዜ የነጋዴ ፍርሃት ያ ብቻ መሰለኝ።

የሞጣ ደንበኛችን ሐጂ ሰዒድ ናቸው። አባታቸውም አያታቸውም በዚያው ገበያ የነገዱ ሰው ናቸው። በገበያ ቀን ማለዳ ይደውላሉ። ሞጣ ላይ ጤፍ ከተወደደ እንጭናለን፤ የጫነው ሲበዛ እዚያ ይረክሳል፣ እኛም እናቆማለን። ማንም አላዘዘንም። «ዋጋ ጠሪ ነው» ይላሉ ሐጂ። «እህሉን ና ብሎ የሚጠራው እሱ ነው። አፉን ከያዛችሁት ማን ይጥራላችሁ?»

ብዙ ዓመት አብረን ከሠራን በኋላ አያሌው በሁዳዴ ጾም በደረት ሕመም ሞተ። ከተዝካሩ በኋላ ጥቁሬን እንደለበስኩ መጋዘኑን ከፈትኩ። ተሸካሚዎቹ ቀና ብለው አላዩኝም። ወንድሞቹ «ሽጪውና ልጆችሽን አሳድጊ» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን የሰው ቋጠሮ ታቅፌ የት እሄዳለሁ?

የዶላር ምንዛሬ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ብር ይዞ መቀመጥን የሚፈራው በዝቶ ነበር። ገበሬው «ብሩ ኪሴ ውስጥ እያለ ያንሳል፤ ጤፌ ግን ያው ጤፌ ነው» እያለ ያመጣ ነበር። ቤቱ የሚያፈስበትና ሌባ የሚፈራም በሐምሌ የሚዘራውን ዘር ሳይቀር አምኖኝ ሄዷል።

ሰኔ ላይ ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና ከተማውን ዞረች። ጤፍ ዋጋው ተተምኗል፤ ከዚያ በላይ የሸጠ፣ እህል ያከማቸ፣ ስግብግብ ነጋዴ ሁሉ እርምጃ ይወሰድበታል አለች። በሚቀጥለው ገበያ ከደጄ ቆሜ አየሁ። ተመኑን የሰሙ ገበሬዎች ጤፍ የጫኑ አህዮቻቸውን ከመንገድ እየመለሱ ነው። የእህል ተራው ሜዳ ሆነ። ባዶ ቁና የያዘች ሴት አጠገቤ ቆማ «ጤፉን የት አደረሳችሁት?» ብላ ጮኸችብኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር የመጋዘኑን በር ገርበብ አደርጋለሁ።

ሐጂ ደወሉ። «ልጄ፣ የራስሽን በተባለው ዋጋ ሽጪው። ከስረሽ ተኚ።»

ሸጥኩ። የቀረው የገበሬው ብቻ ነበር።

ተመኑን የሚቆጣጠረው ግብረ ኃይል የመጣው በዝናብ ነው። መሪው መልካሙ የሚባል የተማረ ልጅ ነው፤ እናቱ በቤተ ክርስቲያን አጠገቤ የሚቆሙ ሴት ናቸው። በትሕትና ነው የጠየቀኝ፤ ትሕትናው ይበልጥ አስፈራኝ።

«እትዬ የሻለም፣ ይህ ሁሉ የማን ነው?»

«የሰው ነው። አብዛኛው ዘር ነው።»

«የሰው ከሆነ፣ እህል የማስቀመጥ ፈቃድ አለዎት?»

«ያለኝ የንግድ ፈቃድ ነው።»

«እንግዲህ የራስዎ ከሆነ ክምችት ነው። የሰው ከሆነ ያለ ፈቃድ መሥራት ነው።»

አብሮት የመጣው ፖሊስ ሳቀ። «እማማ፣ በየትኛው ይጻፍልዎ?»

በሩ ላይ ማኅተም ያለበት ወረቀት ለጠፉ። መልካሙ ሲወጣ «ባለቤቶቹ መጥተው የኔ ነው ይበሉ፤ ዘራቸውን ይወስዳሉ። ካልመጡ ለሸማቹ በተመኑ ይከፋፈላል» አለኝ።

ሐምሌ ገባ። የጤፍ መሬቱ ለስልሷል። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ ውስጥ ጠብታ ይሰማ እንደሆነ አዳምጣለሁ። ቆርቆሮው በአንድ በኩል እንደሚያፈስ አውቃለሁ፤ በየክረምቱ አያሌው ነበር የሚደፍነው። ወረቀቱን ብቀድ እታሰራለሁ። ልጆቼን ማን ይይዝልኛል? ባልቀድ ደግሞ የእነዚያ ሁሉ ቤት ዓመቱን ጾሙን ሊያድር ነው። «አያሌው ቢኖር ምን ይል ነበር» እያልኩ በሩን ደጋግሜ ዳሰስኩት።

ባለቤቶቹ ወዳሉበት ወደ ደብረ ወርቅና ወደ ጉንደ ወይን መልእክት ላክሁ። መልካሙ በቆረጠልን ቀን ገበሬዎቹ መጡ፤ ግን ከአጥሩ ሥር ርቀው ቆሙ። በሩ ተከፈተ። መልካሙ በጠፍር የታሰረውን ጆንያ አሳየ።

«የማን ነው?»

የአለነ ነው። አለነ የአያሌው የልብ ወዳጅ ነበር፤ ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ነው። ጠፍሩን አየና አንገቱን ደፋ።

«እንጃ። ጠፍር ሁሉ አንድ ነው።»

«ይሄስ?»

«አላውቀውም» አለ ሌላው።

«የኔ አይደለም።» «የኔም አይደለም።»

ገባኝ። የኔ ነው ያለ ስሙ ይጻፋል፤ ስሙ ከተጻፈ አከማች ይባላል። ገበሬ ዘሩን እያየ ካደው። የአለነ ዓይን ግን ከጠፍሩ አልተነሳም።

መልካሙ ወደ እኔ ዞረ። «እንግዲህ ሁሉም የእርስዎ ነው ማለት ነው።»

የበሩን መቃን ያዝኩ።

ያን ጊዜ እማማ አንጓች በዱላቸው ሰውን እየገፉ መጡ። እንደኔው ባል የሞተባቸው፣ ከጉንደ ወይን በኩል የመጡ አሮጊት ናቸው።

«ያ በጥቁር ነጠላ ቅዳጅ የታሰረው የኔ ነው።»

«እማማ፣ ስምዎ ይመዘገባል።»

«መዝግበው። ከሥሩ ደግሞ ሐምሌ መግባቱን ጻፍልኝ። እኔን ስታስረኝ እርሻዬን አንተ ትዘራልኛለህ?»

«ጫማው አይፈቅድለትም!» አለ አንዱ ከኋላ። ሰው ሳቀ። ፖሊሱም ሳቀ።

አለነ ጉሮሮውን ጠረገ። «ያ ጠፍር የቡሬ ነው። የሞተው በሬዬ። ቆዳውን እኔ ነኝ የገፈፍኩት» አለና ሄዶ ጆንያውን አቀፈው። ከዚያ ሁሉም እየመጣ ቋጠሮውን ያዘ። መልካሙ ግንባሩን ጠረገ። ቀለል እንዳለው አየሁ፤ እሱም የበላዮቹን የሚፈራ ልጅ ነው። «ዘሩ ይውጣ» አለ።

ጫኑ። ዘሩን ብቻ ሳይሆን ለቀለባቸው ያስቀመጡትንም ወሰዱ። አለነ በመጨረሻ ወደ እኔ ቀረበ።

«የሻለም፣ አትቀየሚኝ። ከእንግዲህ ግን ጉድጓድ ቆፍሬ ብቀብረው ይሻለኛል።»

ተመኑ ተነሥቷል ሳይባል እንዲሁ ቀረ። የሚቀጥለው ጥር አዝመራው ያማረ ነበር። ወለሉን ጠርጌ፣ ቆርቆሮውን አስደፍኜ ጠበቅኩ። አንድም ጆንያ አልመጣም። ከፊሉ ከአውድማ በወረደ ዋጋ ተሽጦ ከአካባቢው ወጣ። ከፊሉ ተቀበረ፤ ከተቀበረውም ውሃ የገባበት አለ። የአለነም ሻገተበት።

ነሐሴ ላይ መልካሙ ብቻውን ጥላ ይዞ መጣ። እጁ ላይ ቁና ነበር።

«እትዬ የሻለም፣ እናቴ አሟታል። ገበያ ላይ ጤፍ የለም። ካለዎት በፈለጉት ዋጋ ይሽጡልኝ።»

መጋዘኑን ከፈትኩለት። ገብቶ ርብራቡን ዳር እስከ ዳር አየው።

«ምንም?»

«ምንም።»

«ታዲያ እህሉ የት ነው?»

«የፈራ ሰው ጉድጓድ ውስጥ።»

ከጓዳዬ፣ ከልጆቼ ቀለብ ላይ፣ ቁናውን ሞላሁለት። «ስንት ልክፈል?» አለኝ። ሃያ ዓመት ዋጋ ስጠራ የኖርኩ ሴት ለአንድ ቁና ጤፍ ዋጋ መጥራት ፈራሁ።

«ለእናትህ ነው፣ ውሰደው» አልኩት።

እህል ንግድ ለምትጀምሩ የምለው ይህ ነው። በክረምት የሚበላው በበጋ ሳይፈሩ ያስቀመጡት እህል ነው። አስቀማጩ ከፈራ ርብራቡ ባዶ ይሆናል።