የራሴን ለቅሶ የሰማሁ ቀን

ይህ ነገር ከደረሰብኝ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ቀኑ ማክሰኞ ነበር፤ በዓል የሌለበት፣ ዝናብም የሌለበት፣ ተራ ማክሰኞ። ሰው ከሞተ በኋላ ምን እንደሚባልለት ለመስማት ይጓጓል ሲባል እሰማለሁ። እኔ ሰምቼዋለሁ፤ ለጠላቴም አልመኘው።

ማርታ እባላለሁ፤ ጠበቃ ነኝ። አራዳ ተወልጄ አራዳ ያደግሁ፣ ቢሮዬንም እዚያው ፒያሳ የከፈትኩ ሰው ነኝ። ቢሮዬ ያለው የእንጨት ደረጃ ባለው የጣልያን ጊዜ ፎቅ ላይ ነው፤ ዙሪያው ፈርሶ እሱ ብቻውን ቀርቷል። በዚያን ጊዜ በሙያው አሥራ አራት ዓመት ሠርቼ ነበር። የመጨረሻዎቹን አራት ዓመታት የሠራሁት እየጠጣሁ ነው።

እንዴት ማንም አላወቀባትም የሚል ይኖራል። የእኔ ስካር የሚንገዳገድ ስካር አልነበረም። ጂኑን በውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ይዤ፣ ማስቲካ እያኘክሁ፣ ልብሴን ተኩሼ ችሎት እገባለሁ። ምላሴ አይተሳሰርም። እንዲያውም ሞቅ ሲለኝ ክርክሬ ያምራል ይሉኝ ነበር። ክፋቱ፣ በማግሥቱ ያደረግሁትን አላስታውሰውም። አንዳንዴ ግማሽ ቀን ከአእምሮዬ ተቆርጦ ይወጣና፣ ለማን እንደደወልኩ ስልኬ ላይ እያየሁ ቀኑን እገጣጥመዋለሁ። ሐኪም ጋ እንዳልሄድ፣ የጠበቃ ገመና ገበያ ላይ ከወጣ ደንበኛ ይሸሻል፣ ፈቃድም ያስነካል ብዬ እፈራለሁ። ደግሞ በእኛ ሥራ ችግሩን ይዞ የሚመጣው ደንበኛው ነው፤ ጠበቃው ችግር ያለበት አይመስለውም።

ሥራዬን ያቆየልኝ አንድ ወረቀት ነበር፤ የቀጠሮ ማስለወጫ ማመልከቻ። በእኛ አገር ሐዘን ደረሰብኝ ያለን ሰው ማስረጃ አምጣ የሚል ደፋር የለም። ስለዚህ ኮምፒውተሬ ላይ ያለቀለት ጽሑፍ አስቀምጬ ነበር፤ እገሌ በድንገት ከዚህ ዓለም በሞት በመለየታቸው በቀጠሮው መቅረብ ስላልተቻለ የሚል። እኔ የምለውጠው የሟቹን ስምና ቀኑን ብቻ ነው። በዚያ ወረቀት አጎቴን ሁለት ጊዜ ቀብሬዋለሁ። አክስቴን፣ የአክስቴን ባል፣ እኔ ሳልወለድ የሞቱትን አያቴን ሳይቀር ደግሜ ገድያለሁ። ሟርት ነው፣ ተይ ብሎ የሚቆጣኝም አልነበረም፤ ለማን ነግሬ!

በዚያ ሰሞን ከያዝኳቸው ጉዳዮች አንዱ የስንዱ ነበር። ስንዱ የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ የምትሠራ፣ በጥቂት ዓመት የምታንሰኝ ሴት ናት። የስድስት ዓመት ልጇን አባትየው ወስዶባት፣ ላሳድጋት ብላ አመልክታለች። ቀጠሮው በእኔ «ሐዘን» ምክንያት ሁለት ጊዜ ተላልፏል። ማክሰኞ በሦስት ሰዓት ምስክሮቿ ሊሰሙ ነው።

ሰኞን እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ አስታውሳለሁ። ለምስክሮቹ ጥያቄ ላዘጋጅ ብዬ ቢሮዬ ተቀምጬ ፋይሉን ከፈትኩ፤ ጠርሙሱንም ከፈትኩ። ከዚያ ወዲያ ያለው ጨለማ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ቤቴ ሶፋ ላይ ከነጥቁር ሱፌ ነቃሁ። ስልኬ ባትሪው አልቆ ጠፍቷል። የግድግዳው ሰዓት ለሦስት ሩብ ጉዳይ ይላል። ፊቴን ታጥቤ በዚያው ልብስ በረርኩ።

ፍርድ ቤቱ በር ስደርስ ሦስት ተኩል አልፏል። ሁልጊዜ «ጠበቃችን፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ልታስለቅሺ ነው?» እያለች የምትቀልድብኝ ፈታሽ፣ ቦርሳዬን ሳትነካ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ሸተትኳት ብዬ ሌላ ማስቲካ ጨመርኩ። ኮሪደሩ ላይ የማውቃቸው ሁለት ጠበቆች ቆመው ያወራሉ። ሲያዩኝ ዝም አሉ። እንዴት አደራችሁ አልኳቸው፤ አንዳቸውም አልመለሱልኝም። ካለፍኳቸው በኋላ አንደኛው «በስመ አብ!» ሲል ሰማሁት።

ፍርሃት የጀመረኝ ይሄኔ ነው። መጠጡን አንድ ሁለት ቀን ሳቋርጥ የሌለ ነገር አይቼ አውቃለሁ፤ ግድግዳ ላይ የሚሄድ ጥላ፣ ስሜን የሚጠራ ድምፅ። ያን ቀን የመጣብኝ ሐሳብ ግን ከዚያ የባሰ ነበር። ሰዎቹ አሉ፤ የሌለሁት እኔ ብሆንስ?

ችሎቱ ውስጥ ሌላ ጉዳይ እየታየ ነው። ስንዱ የለችም። ወደ መዝገብ ቤቱ መስኮት ሄድኩ። በቅርቡ የተቀጠረች፣ በስም የማታውቀኝ ሠራተኛ ተቀምጣለች። የመዝገቡን ቁጥር ነገርኳት።

«ተለዋጭ ቀጠሮ ተሰጥቶበታል፤ ጠበቃዋ ስለሞቱ» አለችኝ።

«የማን ጠበቃ?»

«የአመልካቿ። ወይዘሮ ማርታ። ነፍስ ይማር!» አለችና ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ፊቴ ላይ ቆየ። «ውይ፣ እርስዎ እህታቸው አይደሉም እንዴ? ትናንት ከሰዓት ማመልከቻውን ያመጡት እርስዎ ነዎት እኮ! ይቺኑ ጥቁር ልብስ ለብሰው።»

እኔ እህት የለኝም።

መዝገቡን እንድታሳየኝ ለመንኳት፤ አሳየችኝ። ማመልከቻው ያው የለመድኩት ወረቀት ነው፣ አንድ ቃል አልተለወጠም። የሟች ስም በሚገባበት ቦታ የራሴ ስም ከነአባቴ ተጽፏል። ከሥሩ ፊርማ አለ። ልጅቷ የእህትየው ፊርማ መስሏታል፤ የእኔ ነው። ካየሁት ሁሉ ያስደነገጠኝ እሱ ነው። ከዚያ በፊት ለአንድ ዓመት ያህል እጄ እየተንቀጠቀጠ ፊርማዬ ተበላሽቶ ነበር። ይኼኛው ቀጥ ብሎ፣ ጥርት ብሎ፣ እንደ ድሮዬ ተፈርሟል።

ዳኛው ጠዋት ማመልከቻውን አንብበው ለስንዱ «ጠበቃሽ በሞት ስለተለዩ ሌላ ጠበቃ አቁሚ» ብለዋት ወጥታለች። አልሞትኩም ማለት ነበረብኝ። ልጅቷን አመስግኜ ወጣሁ። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቢሮዬ መሳቢያ ውስጥ ያለውን ጠርሙስ።

በእግሬ ወደ ፒያሳ ሄድኩ። ሰፈሬ ነው፤ ዓይኔን ጨፍኜ የምሄድበት መንገድ ነው። ግን የማውቃቸው ቤቶች ፈርሰው በቦታቸው ሰፊ የእግረኛ መንገድና አዲስ ሣር አለ። አንድ ሰላም የሚለኝ ሰው አጣሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አይገርመኝም፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተነሥቶ ወደ ዳር ዳር ሄዷል። ያን ቀን ግን ማንም የማያየኝ መሰለኝ። አንድ ወርቅ ቤት በር ላይ ቆሜ መስታወቱ ውስጥ ራሴን ፈለግሁ። ጥቁር የለበሰች ሴት ቆማ ታየኛለች። ትናንት እዚያ መስኮት ላይ የቆመችው እሷ ናት ብዬ ሳስብ ፊቴን አዞርኩ።

የቢሮዬን ደረጃ እኩሌታ ላይ ስደርስ ለቅሶ ሰማሁ።

ስሜን እየጠራች ነው የምታለቅሰው። ድምፅዋን አወቅሁት፤ ስንዱ ናት። ቤቴን አታውቀውም፤ ስለዚህ ለቅሶ ልትደርስ የመጣችው ወደ ቢሮዬ ነው። ዘመድ ሲያጣ የተዘጋ በር ላይ ቁጭ ብሎ የሚያለቅስ ሰው አይታችሁ እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ እንዲያ ነው የምታለቅሰው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለች፦

«አለሁልሽ ብላ እንባዬን ያበሰች፣
ዳኛ ፊት አቁማ ወዴት ተሰወረች።»

የደረጃውን መደገፊያ ይዤ ቀረሁ። አለሁልሽ ማለቴን አላስታውስም። ምናልባት ፋይሏን በተቀበልኩበት ቀን፣ ገና ጠዋት ሳልጠጣ ብያት ይሆናል። ከዚያ «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ» የሚል የሽማግሌ ድምፅ ሰማሁ። ጋሽ ኑሩ ናቸው፤ ቢሮአቸው ከእኔ ፊት ለፊት የሆነ፣ ከወሎ መጥተው ሠላሳ ዓመት የተሟገቱ ጠበቃ። ወሬው ለካ እሳቸውም ጋ ደርሶ ኖሯል።

እውነቱን ልናገር። በዚያች ደቂቃ ደስ ያለኝ ነገር ነበር። አሁን ቀስ ብዬ ብወርድ ማን ይፈልገኛል? ለሞተ ሰው ቀጠሮ የለበትም፣ ደንበኛ አይጠብቀውም፣ ማንም አይታዘበውም። ከታች ማዶ መጠጥ ቤት አለ። ገብቼ እጠጣለሁ፤ ወረቀቱ እውነት እስኪሆን ድረስ እጠጣለሁ። ይህን ሳስብ አልፈራሁም። እንዲያውም ያን ቀን ልቤ የተረጋጋው ያኔ ብቻ ነው። ሁለት ደረጃ ወረድኩ።

ሦስተኛው እንጨት ጮኸ።

«ማነው?» አሉ ጋሽ ኑሩ።

ስንዱም ለቅሶዋን አቆመች። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ይዘው እንደሚያዳምጡ ይታወቀኛል። ከዚያ ስንዱ «ጋሼ፣ ይሄ የሷ ኮቴ ነው» አለች።

ኮቴዬን ታውቀዋለች። በዚያ በር ላይ ስንት ቀን ተቀምጣ፣ ስንት ጊዜ መምጣቴን ስትጠብቅ ኖራለች! ይኼኔ ነው ያለቀስኩት። «እኔ ነኝ» አልኩና ወጣሁ።

ጋሽ ኑሩ «ላ ኢላሃ ኢለላህ!» ብለው ግድግዳውን ያዙ። ስንዱ አልጮኸችም። ቀስ ብላ ተነሥታ መጣችና ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ ለሳምንት የቆየ ምልክት ነው የተወችብኝ። ከዚያ አፌን አሸተተች።

«ጠጥተሻል» አለችኝ። እስከዚያ ቀን እርስዎ ነበር የምትለኝ።

«አዎ።»

«አልቅሼልሻለሁ» አለች፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «አንዴ አልቅሼልሻለሁ። ከእንግዲህ ላንቺ የሚሆን እንባ የለኝም፤ የቀረኝ ለልጄ ነው።» ጥላኝ ወረደች።

ጋሽ ኑሩ ወደ ቢሮአቸው አስገብተው አስቀመጡኝ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ «ስንት ዓመት ሆነሽ?» ብቻ አሉኝ። አራት አልኳቸው። «እኔ በጫትና በእንቅልፍ ክኒን ዘጠኝ ዓመት ነበርኩ» አሉ። «ያንን የሐዘን ወረቀት አንቺ የፈለሰፍሽው እንዳይመስልሽ። እናቴን ስንቴ እንደገደልኳት አላህ ነው የሚያውቀው። ሴትዮዋ ደሴ ቁጭ ብላ ትመርቀኛለች፣ እኔ እዚህ እቀብራታለሁ።» ሁለታችንም ሳቅን። ሳቄ ወደ ለቅሶ ዞረ። የመሳቢያዬን ቁልፍ ሰጠኋቸው።

በማግሥቱ አብረውኝ ፍርድ ቤት ሄዱ። በሕይወት ስለመኖሬ ቃለ መሐላ አቀረብኩ፤ እንዲህ ያለ ወረቀት ሠርቼ አላውቅም። ዳኛው አነበቡትና መነጽራቸውን አውልቀው «ማመልከቻውን ታዲያ ያቀረበው ማነው?» አሉ። ጽሕፈት ቤቴ ተሳስቶ ነው ማለት እችል ነበር። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ያለ መልስ ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ። «እኔው ነኝ። ጠጥቼ ነበር። አላስታውሰውም» አልኩ። የፈራሁት ሁሉ ደረሰ፤ ፈቃዴ ለጊዜው ታገደ፣ ብዙ ደንበኛ ሸሸኝ። የስንዱን ፋይል ጋሽ ኑሩ ያዙት። ልጅቷ ዛሬ እናቷ ጋ ናት።

ሆስፒታል ተኛሁ። እንደኔ የጠጣ ሰው በራሱ በአንድ ቀን ላቁም ቢል ማቆሙ ራሱ ሊገድለው እንደሚችል የሰማሁት እዚያ ነው። ከወጣሁ በኋላ ጋሽ ኑሩ ሐሙስ ሐሙስ በምሳ ሰዓት ቢሯቸው ወደሚሰበሰቡ ሰዎች አስገቡኝ። ሰባት ጠበቆችና አንድ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። እዚያ የተነገረ ነገር እንደ ደንበኛ ምስጢር ይጠበቃል። አንዳንዶቹን ለዓመታት ችሎት ፊት ስከራከራቸው ኖሬ፣ እንደኔ መሆናቸውን አንድ ቀን አልጠረጠርኩም ነበር። እነሱም እኔን አልጠረጠሩኝም።

ፈቃዴ ከተመለሰልኝ በኋላ አንድ ቀን ወደዚያ መዝገብ ቤት ሄድኩ። ልጅቷ አስታወሰችኝ፤ እንዴት ትረሳኛለች። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ በእኔ ምክንያት ተገሥጻ ነበር። ከዚያ ስፈራው የኖርኩትን ጠየቅኋት፤ ያን ሰኞ ምን እንደሆንኩ፣ ምን እንዳልኩ።

«ያለቅሱ ነበር» አለችኝ። «በጣም። ውሃ ሰጠሁዎት። የማጽናናበት ቃል ሲጠፋኝ፣ ሟቿ ጥሩ ሰው ነበሩ ወይ ብዬ ጠየቅሁዎት።»

«ምን አልኩሽ?»

«ድሮ፣ በጣም ጥሩ ሰው ነበረች አሉኝ።»

ያን ከሰዓት በኋላ እስከ ዛሬ አላስታውሰውም፤ ከእንግዲህም የማስታውሰው አይመስለኝም። ከዚያ በፊት ጥቁር የለበሰችውን ሴት በጣም እፈራት ነበር። ልትገለኝ የመጣች ነበር የምትመስለኝ። አሁን ሳስባት አንጀቴን ትበላኛለች። ስንዱ ከመምጣቷ አንድ ቀን በፊት፣ ማንም ሳያውቅልኝ፣ ለቅሶዬን የደረሰችው እሷ ናት።